የኮድ ጥያቄና መልስ፦ ቅንፉ ተስተካከለ፣ ቴስቱ ግን እምቢ አለ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴ ችግር ገጥሞኝ ነው የምጽፍልዎት። የምሠራው በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰርቨራችን በጃቫ 17፣ የአንድሮይድ አፓችን በኮትሊን ነው። «ትዕዛዝ» የሚባለው ክላስ በሁለቱም በኩል አለ፤ ሰርቨሩ ላይ ሬኮርድ፣ አፑ ላይ ዳታ ክላስ ሆኖ (ሁለቱም ዳታ ለመያዝ የሚሠሩ አጫጭር ክላሶች ናቸው)። አንዱ ጋ ፊልድ ሲጨመር ሌላው ጋ እየተረሳ ሁለት ጊዜ ስለተቸገርን አንድ ቴስት ጻፍኩ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ዳታ እሞላና ቱስትሪንጋቸውን (ኦብጀክቱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን፣ ኮምፓይለሩ የሚጽፈውን ሜተድ ውጤት) አወዳድራለሁ። መጀመሪያ ቅንፋቸው ስለተለያየ ወደቀ። የጃቫውን ካሬ ቅንፍ ሁሉ ወደ ክብ ቀየርኩት፤ ውስጥ ያለው የምልክቶች ፊልድ ቅንፍም አብሮ ስለተቀየረ አሁንም ወደቀ። የኮትሊኑንም በዚያው መንገድ ቀየርኩና አለፈ። ደስ ብሎኝ ወደ ዋናው ብራንች አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ያልፋል፣ አንዳንድ ቀን ይወድቃል። ኮዱን ማንም አልነካውም። የቡድን መሪያችን «አጥፋው» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እልህ ይዞኛል። ኮምፓይለሩ ራሱ የጻፈውን ሜተድ ካላመንኩ ምኑን ልመን?

እልኸኛው፣ ከመገናኛ

መልስ

እልኸኛው ወንድሜ፣ መሪህ ልክ ነው፤ ቴስቱ መጥፋት አለበት። ምክንያቱን ሳይነግርህ «አጥፋው» ማለቱ ግን አልጣመኝም። ሁለቱ ክላሶች እንዳይለያዩ መጠበቅህ ትክክል ነው፤ የምትጠብቅበት በር ነው የተሳሳተው።

ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ያንኑ ነገር ላፕቶፔ ላይ ሠራሁት። ስሞቹን በአማርኛ ነው የጻፍኳቸው። ጃቫም ኮትሊንም የግዕዝ ፊደልን ለክላስና ለፊልድ ስም ይቀበላሉ፤ ሰው ስለማይሞክረው አያውቀውም እንጂ ያለ አንዳች ማጉረምረም ኮምፓይል ያደርጉታል። የወጣልኝ ይኸው፦

ጃቫ፦ ትዕዛዝ[ቁጥር=41, ደንበኛ=አልማዝ, ምልክቶች=[ተሰባሪ, አስቸኳይ]]

ኮትሊን፦ ትዕዛዝ(ቁጥር=41, ደንበኛ=አልማዝ, ምልክቶች=[አስቸኳይ, ተሰባሪ])

ቅንፉን አንተም አይተኸዋል። ኮትሊን በ2016 የመጀመሪያ ስሪቱን ካወጣ ጀምሮ ዳታ ክላስን በክብ ቅንፍ ነው የሚያትመው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ)። የጃቫ ሬኮርድ በጃቫ 14 ለሙከራ ቀርቦ በ2021 በጃቫ 16 ሲጸና ካሬውን መረጠ። ዋናው ነገር ግን የሬኮርድ ሰነድ ላይ ነው ያለው፦ ይህ የሚታተመው ቅርጽ ወደፊት ሊቀየር ይችላል፣ ፕሮግራሞችም ከውስጡ ዋጋ ለቅመው ለማውጣት አይሞክሩ ይላል። ኮምፓይለሩን ልመነው ካልክ ይህንንም እመነው።

አሁን ምልክቶቹን ተመልከት። በሁለቱም በኩል መጀመሪያ «አስቸኳይ»ን፣ ቀጥሎ «ተሰባሪ»ን ነው ያስገባሁት። ጃቫው ገለበጠው። አንተም ሰርቨሩ ላይ ድግግሞሽ የሌለው ስብስብ የሚፈጥረውን «ሴት ኦፍ» ተጠቅመህ እንደምትሞላው እገምታለሁ። (ይህን የኮሌክሽን ስም በአማርኛ በጻፍኩ ቁጥር ያስቀኛል፤ ስለ ሴቶች የምጽፍ ነው የሚመስለው።) ጃቫ 9 ላይ የመጣው «ሴት ኦፍ» ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይይዝና ቅደም ተከተሉን በእሱ ያቀያይራል። ሰው በቅደም ተከተሉ ተደግፎ ኮድ እንዳይጽፍ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የኮትሊኑ «ሴት ኦፍ» ግን ከሥሩ ሊንክድ ሃሽ ሴት ስለሆነ ያስገባህበትን ተራ ይጠብቃል። ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው ሁለት። የእኔን ቴስት አምስት ጊዜ አስነሳሁት፤ ሦስቴ አለፈ፣ ሁለቴ ወደቀ። አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን በዚያው ሩጫ ውስጥ መቶ ጊዜ ብትጠራው ተራው አይለወጥም፤ ዲባገር ከፍተህ ስታየው ሁሉም ሰላም የሚመስልህ ለዚህ ነው።

መውደቁን ተወው። በማይገባው ሰዓት የሚያልፍበትን ልንገርህ።

የሰርቨሩ «ቁጥር» የቁጥር ዓይነት፣ የአፑ «ቁጥር» ደግሞ ስትሪንግ ቢሆን ሁለቱም «ቁጥር=41» ብለው ይታተማሉ። ቴስትህ ያልፋል፣ አፑ ግን ሰው እጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ምንም ዋጋ ያልተሰጠው (ነል የሆነ) ፊልድና አንድ ሰው በስህተት «ነል» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል የጻፈበት ፊልድም ሲታተሙ አንድ ናቸው። ፓይተን በዚህ ይሻላል፤ ከ2018 ጀምሮ በ3.7 የመጣው ዳታክላስ ጽሑፉን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጎ ስለሚያትመው 41 ቁጥር ይሁን ጽሑፍ በዓይን ይለያል። ጃቫና ኮትሊን ጥቅስ አያደርጉም። አድራሻው «ሜክሲኮ, ሱቅ 4» የሆነ ደንበኛ ሲመጣ ኮማው የፊልድ ኮማ ይሁን የአድራሻው ኮማ ከጽሑፉ የሚያውቅ የለም።

ቴስቱን የጻፍክበትን ዋና ምክንያትም አያሟላልህም። የኮትሊን ዳታ ክላስ የሚያትመው በዋናው ኮንስትራክተር ቅንፍ ውስጥ የተዘረዘሩትን ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባህ «ተከፍሏል» የሚል ፊልድ ከቅንፉ ውጭ፣ በክላሱ ሆድ ውስጥ ቢጨምር ቱስትሪንጉ ላይ አይታይም። የተረሳ ፊልድ ልትይዝ ዘብ አቆምክ፤ ዘቡ ግን ግማሹን ግቢ አያይም። አሬይ ያለበት ክላስ ደግሞ ሌላ ነው፦ ኮትሊን የአሬዩን ይዘት ዘርዝሮ ያትምልሃል፤ የጃቫ ሬኮርድ ግን ለምሳሌ ለኢንት አሬይ አንድ ካሬ ቅንፍ፣ አንድ ፊደል፣ የአት ምልክት (@) እና ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጥህና ያበቃል።

ስለዚህ ለፊልዶቹ፦ አፑና ሰርቨሩ የሚነጋገሩት በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ በሚላክበት ቅርጽ) ከሆነ ውላቸው ጄሰኑ ነው። አንድ የናሙና ጄሰን ፋይል አዘጋጅና ሁለቱም ፕሮጀክቶች ቴስታቸው ውስጥ ያንኑ ፋይል እንዲያነቡት አድርግ፤ የማያውቁት ፊልድ ሲገጥማቸውም፣ የሚጠብቁት ሲጎድልም እንዲወድቁ። ከዚያ ያነበቡትን መልሰው ወደ ጄሰን ይጻፉት፣ የወጣውን ከመጀመሪያው ፋይል ጋር አወዳድር። «41» በጥቅስ ውስጥና 41 ያለ ጥቅስ እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ታዲያ ቱስትሪንግ ጭራሽ አይፈተንም ወይ? ይፈተናል፤ ግን የኮምፓይለሩን የእጅ ጽሑፍ ሳይሆን አንተ ከእሱ የምትፈልገውን። ይህን የተማርኩት በውርደት ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ የሞባይል ገንዘብ አፕ ላይ እሠራ ነበር፤ የድርጅቱን ስም ልተወው። «የመግቢያ ጥያቄ» የሚባል ዳታ ክላስ ነበረን፤ ስልክና ፒን ይይዛል። ፒኑ ላይ «ፕራይቬት» ተብሎ ተጽፎበታል። ኮዱን ሪቪው ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ «ፕራይቬት» የሚለውን አይቼ ልቤ ረጋና አለፍኩት። አንድ ከሰዓት የደንበኞች አገልግሎት ላይ የምትሠራ ልጅ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» አለችኝ። የያዘችው ያልተሳካ መግቢያ ሲኖር የሚጻፈውን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ነበር። መስመሩ ላይ «ፒን=» ይልና አራት አሃዝ ይከተላል። አንድም ሰው አልሰረቀም፣ አንድም ሰው ሰርቨሩን አልሰበረም፤ ኮምፓይለሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ዳታ ክላስ ኮንስትራክተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያትማል፤ «ፕራይቬት» መሆኑ ሌላ ክላስ እንዳይነካው ያግዳል እንጂ ከቱስትሪንግ አያወጣውም። የጃቫ ሬኮርድም ያሉትን ኮምፖነንቶች በሙሉ ያትማል። በዚያ ቀን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሎግ ስናጠፋ አመሸን፤ በማግስቱ ደግሞ ደንበኞችን ፒን ቀይሩ ብሎ የመለመን ሥራ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ምስጢር የሆነ ነገር በስትሪንግ አልይዝም። «ምስጢር» የምትባል አንዲት ትንሽ ክላስ አለችኝ፤ ውስጧ ጽሑፉን ትይዛለች፣ ቱስትሪንጓ ግን ሁልጊዜ አራት ኮከብ ነው የምትመልሰው። ሬኮርድም ሆነ ዳታ ክላስ ሲታተም የእያንዳንዱን ፊልድ ቱስትሪንግ ስለሚጠራ በሁለቱም ቋንቋ «ፒን=****» ብሎ ይወጣል። አንዴ በጃቫ ጻፋት፣ ኮትሊኑም እሷኑ ይጠቀማል። አንድ ነገር ግን አትርሳ፦ ወደ ጄሰን ስትለወጥ እንደ ተራ ጽሑፍ እንድትሄድ አጭር ኮንቨርተር ያስፈልጋታል፤ ያለዚያ ሰርቨሩ አራት አሃዝ ሲጠብቅ ሙሉ ኦብጀክት ይደርሰውና አንድም ሰው መግባት ያቅተዋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ ነው ያደረግኩት።

ቴስቱ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። ጃቫና ኮትሊን ሁለቱም ጄቪኤም (የጃቫ ማስኬጃ) ላይ ስለሚሮጡ፣ የአፑ ዳታ ክላሶች አንድሮይድን የማይነካ ንጹሕ ሞጁል ውስጥ ካሉ አንድ የኮትሊን ቴስት ሁለቱንም ወገን ማየት ይችላል። የእኔው እንዲህ ነው የሚሠራው። ክላሱን ይሞላና ቱስትሪንጉን ይጠራል፤ የፒኑ ቁጥር ውስጡ የለም? የትዕዛዙ መለያ ቁጥር አለ? (መለያ የሌለው ሎግ ሌሊት ስልክ ተደውሎልህ ስትነሳ ምን ይጠቅምሃል?) መጨረሻ ላይ ደግሞ የአት ምልክትና ከኋላው ተከታትሎ የሚመጣ ቁጥር ወይም የላቲን ፊደል የለም? ይህ የመጨረሻው የራሱ ቱስትሪንግ የሌለውን ክላስ ይይዝልሃል፤ ጃቫ ለእንዲህ ዓይነቱ ኦብጀክት «ዕቃ@50134894» የመሰለ ነገር ነው የሚያትመው፤ የክላሱ ስምና የሃሽ ኮዱ ማለት ነው፤ ለአንባቢ ምንም አይነግርም፣ በየሩጫውም ሊቀያየር ይችላል። ቅንፉ ካሬ ይሁን ክብ፣ ምልክቶቹ በየትኛው ተራ ይምጡ፣ ቴስቱ አይጠይቅም።

ለቴስቱ የምትሰጠውን ዳታ ግን ተጠንቅቀህ ምረጥ። የመጀመሪያው ቴስቴ ላይ ፒኑን 1234 አድርጌ ስልኩን ደግሞ በ0911 ጀምሬ 2345 አስከተልኩበት። ቴስቱ «ፒኑ አለ» እያለ ይወድቅብኛል፤ ክላሷን ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፍኳት። ለካ 1234 የተገኘው ስልኩ ውስጥ ነው። ኢሜይል ያለበት ክላስ ላይ የአት ምልክቱም እንደዚሁ ያታልልሃል።

አባትና ልጅ ሆነው እርስ በርስ የሚጠቋቆሙ ክላሶች ካሏችሁ፣ ትዕዛዙ ዕቃዎቹን፣ ዕቃውም ተመልሶ ትዕዛዙን የሚይዝ ከሆነ፣ በሁለቱም ቋንቋ ቱስትሪንጉ ሲዞር ሲዞር ስታክ ኦቨርፍሎው (ማለቂያ የሌለው ጥሪ የሚፈጥረውን ስህተት) ያመጣል። ይህን ለመያዝ ቱስትሪንጉን አንዴ የሚጠራ ቴስት ብቻ ይበቃል።

ሎጉን በስክሪፕት የምትፈትሹ ከሆነም ዛሬውኑ ተመልከቱት። ሬኮርድ ከመምጣቱ በፊት ቱስትሪንግን የመሰሉ ሜተዶችን ለጃቫ ክላስ የሚጽፈውን ሎምቦክ ነበር የምንጠቀመው፤ ሎምቦክ ደግሞ እንደ ኮትሊን ክብ ቅንፍ ነው የሚያትመው። ወደ ሬኮርድ ስንቀይር ቴስቱ ሁሉ አለፈ። ክፍት ክብ ቅንፍ እየፈለገ ያልተሳኩ ክፍያዎችን የሚቆጥረው ስክሪፕታችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜሮ መቁጠር ጀመረ። እኛም ሥራችን ተሻሻለ ብለን ቡና ጠጣን። ማሽን የሚያነበው መስመር ከሆነ ቅርጹን ራስህ ጻፈው፤ ያንን ደግሞ ከነቅንፉ፣ ከነኮማው ፈትነው።

ጥያቄ

የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዊንዶውስ ላይ የጃቫ ሬኮርዴን ቱስትሪንግ ሳትም የክላሱ ስም በላቲን ስለሆነ በትክክል ይወጣል፤ የአማርኛው ስም ግን አራት የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ቴስቴ ግን ያልፋል! ቱስትሪንግ አማርኛ አይችልም ማለት ነው?

ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ይችላል እህቴ። ቴስትሽ ልክ ነው፣ የሚዋሸው ኮንሶሉ ነው። ጽሑፉ ሚሞሪ ውስጥ ደህና ነው፤ ወደ ጥቁሩ መስኮት ሲወጣ ግን መስኮቱ ፊደላችንን በማያውቅ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ደንብ) ስለሚሠራ እያንዳንዱን ሆሄ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ከጃቫ 18 ወዲህ ዩቲኤፍ-8 ነባሪው ኢንኮዲንግ ሆኗል፤ ሆኖም ወደ ኮንሶል የሚታተመው አሁንም የኮንሶሉን ኢንኮዲንግ ነው የሚከተለው። ኮንሶሉን ወደ ኮድ ፔጅ 65001 ቀይሪና ጃቫውንም በዩቲኤፍ-8 እንዲያትም ንገሪው፤ ፎንቱ ግዕዝ ካለው ይስተካከላል።

ጥርጣሬ ካለሽ ርዝመቱን ፈትኚ። «አልማዝ» አራት ሆሄ ነው፤ ሌንግዝ 4 ካለሽ ኮድሽ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ጤነኛ ነው። 12 ካለሽ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ ኮምፓይለሩም ፋይልሽን በሌላ ኢንኮዲንግ አንብቦ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮታል ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው፤ ቴስቱም ክላሱም በአንድ ዓይነት ከተበላሹ ተስማምተው ያልፋሉ።

እግረ መንገዴን፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ሎግ ላይ ለችኩል ዓይን አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። እኩል አይደሉም ብሎ የወደቀ ቴስት ሲገጥምሽ ቅንፉን ከመጠራጠርሽ በፊት ሆሄውን እዪ።

ጥያቄ

መኪና የሚሸጥበት አፕ በኮትሊን ሠርቻለሁ። ዋጋውን በደብል (በነጥብ በሚጻፍ የቁጥር ዓይነት) ይዤ ዳታ ክላሱን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ አሳየዋለሁ። እስከ ዘጠኝ ሚሊዮን ብር ድረስ ደህና ነበር። 12,500,000 ብር የሆነ መኪና ሲመጣ ግን 1.25 ይልና የላቲን «ኢ» ፊደልና 7 ያስከትላል። ሻጩ «መኪናዬን በአንድ ብር ሸጥከው ወይ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ደላላው ፕሮግራመር፣ ከሐዋሳ

መልስ

ሻጩ ቢቆጣ አይፈረድበትም! በጃቫም በጄቪኤም ላይ በሚሮጠው ኮትሊንም ደብል አሥር ሚሊዮን ሲደርስ ቱስትሪንጉ ወደ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ይቀየራል፤ ዘጠኝ ሚሊዮኑ የተረፈው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ በጃቫ 19 የደብል ቱስትሪንግ አሠራር ራሱ ስለተስተካከለ አንዳንድ ቁጥሮች ከድሮው በተለየ አሃዝ ይታተማሉ።

ቱስትሪንግ ለአንተና ለእኔ ነው፣ ለመኪና ሻጭ አይደለም። ዋጋውን በሳንቲም ቆጥረህ በሎንግ (በሙሉ ቁጥር ዓይነት) ያዘው፣ ለስክሪኑ የራሱ ማሳያ ፈንክሽን ጻፍለት፤ ቴስቱን እዚያ ላይ በ9,999,999 እና በ10,000,000 ብር ሞክረው። ዳታ ክላሱንም ከስክሪኑ አውርደው፤ ነገ የሻጩን ስልክ ስትጨምርበት እሱንም ለገዢው ሁሉ ያነብብልሃል።